ጉልበት ይስጣት

የፔድራ ክላራ ከተማ ለካርኒቫል ከበሮዋን መወጠር ስትጀምር የእኛ ባፕቲስቶች ፍራሻቸውን መጠቅለል ይጀምራሉ። ዓመት በዓመት ያው ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ወጣት ጊታሩንና የትንኝ ቅባቱን ይዞ ወደ ተራራው ይወጣና፣ ቤተ ክርስቲያኗ ወንዝ ዳር ባላት የእርሻ ቦታ ካርኒቫሉ እስከሚያበቃበት እስከ አመድ ረቡዕ ይሰፍራል። ከዓለም ሸሸን ይላሉ። ነፋሱ ፊቱን ሲያዞር ግን ከበሮው እዚያ ድረስ ይሰማል። ያኔ ፓስተሩ ዝማሬውን ከፍ ያስደርጋል፤ ልጆቹም እግራቸው የትኛውን ምት እንደሚከተል ግራ እየገባው ያጨበጭባሉ።

ኢቮኔቺ በአውቶቡስ አትሄድም። እሷ ሐሙስ፣ ከሩዙና ከቦሎቄው ጆንያ ጋር፣ በጭነት መኪና ነው የምትወጣው። የካምፑ ምግብ አብሳይ ናት። ወጣቶቹ «አክስቴ» ይሏታል። ዛሬ ማይክራፎን ይዘው የሚያስተምሩት አገልጋዮች ራሳቸው ትናንት ጭልፋዋ ፊት ተሰልፈው «አክስቴ ጨምሪልኝ» እያሉ ያደጉ ናቸው። ፓስተር ኤድሚልሶን እንኳ፣ አሁን እንዲህ ከረባት አስሮ ይስበክ እንጂ፣ በልጅነቱ ሽንኩርቱን ከወጡ እየለቀመ የሳህኑ ጠርዝ ላይ የሚደረድር ቀበጥ ነበር።

ዘንድሮ ከድስቶቹ ጋር እናቷንም ጭና ወጣች። ማን ጋ ትተዋቸው?

እማማ ዣንዲራ ነገር ሁሉ እየጠፋባቸው ከሄደ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቀን ቀን ደህና ናቸው፤ ወንበራቸው ላይ ሆነው ላለፈ ላገደመው ሰላምታ ይሰጣሉ። ጣጣው ሌሊት ነው። ሌሊት ይነሡና ልብስ ላጥብ ወንዝ ልውረድ ይላሉ፣ በሩን ይነቀንቃሉ፣ የገዛ ልጃቸው ላይ «አንቺ ማነሽ? ማን አስገባሽ?» ብለው ያፈጣሉ። ኢቮኔቺ አባብላ ታስተኛቸዋለች፤ ጎኗን ሳታሳርፍ ደግሞ ይነሣሉ። ሲነጋ ለሰው ሠርግና ልደት ዶሮ መጥበስ፣ ኬክ መጋገር አለባት፤ መብላት አለና። ሳኦ ፓውሎ ያለችው ልጇ እሑድ እሑድ ትደውላለች። «እማዬ፣ በርቺ እሺ» ትልና ትዘጋለች። ኢቮኔቺም ትበረታለች። ምን ታድርግ?

ደግሞ ስትታይ የምትደክም አትመስልም፤ ጉዷ ይሄ ነው። ሰፊ ትከሻ፣ ወፍራም ክንድ፣ ከበር እስከ በር የሚሰማ ሳቅ። ወገቧ ሊቆረጥ ደርሶ እንኳ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። አንዳንድ ሰው ሲያዝን ፊቱ ይናገርለታል፤ የእሷ ፊት ግን ጌታ ይቅር ይበለውና ውሸታም ነው።

ከካምፑ በፊት በነበረው ሰኞ ማንም ሳያውቅ ጎረቤት ከተማ ደርሳ ተመልሳ ነበር። እዚያ የካቶሊክ ሲስተሮች የሚያስተዳድሩት የአረጋውያን መጦሪያ አለ። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ያነጋገረቻት ሲስተር ደግ ሴት ናት። አንድ አልጋ ተለቋል፣ የአመድ ረቡዕ ማግሥት ሐሙስ እስከ ቀትር እንይዝልሻለን፣ ከዚያ ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን አለቻት። ኢቮኔቺ አመስግና ስትወጣ በረንዳው ላይ አንድ ሽማግሌ እንዳይወድቁ ከወንበራቸው ጋር በአንሶላ ታስረው አየች። ሽማግሌው እጃቸውን አነሡላት። ያ እጅ እስከ ቤቷ ተከተላት። እናቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ እግራቸው አርፎ የማያውቅ ሴት ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ የሰው ልብስ አጣቢ፣ በካርኒቫል ደግሞ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ የሰፈሩ ጨፋሪዎች ፊታውራሪ። እሳቸውን ከወንበር ጋር? አንጀቷ እንቢ አለ። ግን ሌላ እንቅልፍ የለሽ ሌሊትም ሰውነቷ እንቢ አለ። ስለዚህ ቆረጠች፦ በካምፑ ለወንድሞችና ለእህቶች እናገራለሁ። ከሰሙኝ ሰሙኝ። ካልሰሙኝ ሐሙስ ጠዋት እናቴን ይዤ እሄዳለሁ።

ቀላል ነገር ይመስላል። ለኢቮኔቺ ግን እነዚያን ሰዎች እርዱኝ ማለት ተራራውን ከመግፋት አይተናነስም፤ ምክንያቱም አንዴ ረድተዋታል።

ያኔ ገና ለጋ ሴት ነበረች። ባሏ ቫልዴሲር ሎተሪ ከምታዞር ሴት ጋር ጠፍቶ፣ ጡት ያልጣለች ልጅ ታቅፋ ቀርታለች። የቤተ ክርስቲያን ሰው አልነበረችም፤ የእናቷ ቤት ሰዎች ባፕቲስቶቹን «እነ ሃሌሉያ» እያሉ ሲያሾፉባቸው አብራ ትስቅ ነበር። ታዲያ እነዚያው እነ ሃሌሉያ ሩዝና ወተት ይዘው በሯን አንኳኩ። ካርኒቫል ሲደርስ ብቻዋን አትቀርም ብለው ከነልጇ ወደ ካምፑ ወሰዷት። ወንዝ ዳር ቁጭ ብላ ቀኑን ሙሉ አለቀሰች፤ ማንም በቃሽ አላላትም። በሁለተኛው ቀን የያኔዋ አብሳይ እህት ኤውፍራዚያ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ቢላዋና አንድ ከረጢት ሽንኩርት አምጥተው ጭኗ ላይ ጣሉላት። «የምታለቅሺ ከሆነ ሥራ እየሠራሽ አልቅሽ፤ መቶ ሰው ምሳ ይጠብቃል» አሏት። ኢቮኔቺ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች።

ሰው የሆነችው እዚያ ነው። ማንበብ የተማረችው ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነቡ በጣታቸው የሚያሳዩትን ፊደል እየተከተለች ነው። በዚያው ወንዝ ተጠመቀች። ልጇ የመጀመሪያ እርምጃዋን የረገጠችው በዚያ ኩሽና ሲሚንቶ ላይ ነው። እህት ኤውፍራዚያ ሲሞቱ ጭልፋው እሷ እጅ ላይ ቀረ። ማንም ትችያለሽ ወይ ብሎ አልጠየቃትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ለእነዚህ ሰዎች እንቢ ማለት ያንን ወንዝ እንቢ ማለት ሆኖ ተሰማት።

አልሞከረችም አይባልም። አንድ ጊዜ ለፓስተሩ «ትንሽ ከብዶኛል» ብላ ጀምራ ነበር። «ጌታ ጉልበት ይስጥዎ፣ እህት ኢቮኔቺ! እርስዎ እኮ ብረት ነዎት» ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ሌላ ጊዜ ለዳልቫ ነገረቻት። ዳልቫ የመዘምራኑ መሪ ናት፤ በዕድሜ እኩያ ናቸው፣ አብረው ነው የተጠመቁት፣ እስከ ዛሬም አልተዋደዱም። «ማን ያልደከመው አለ?» አለቻት ዳልቫ። «ጉልበት እንዲሰጥሽ እጸልይልሻለሁ።» መጸለዩንስ ጸልያለች፤ ዳልቫ ካለች አለች ነው። ኢቮኔቺ ግን እንዲህ ያለው ነገር ሲደጋገም ምራቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ድስቷ መመለስ ለመደች።

ዘንድሮ የመጀመሪያው ጣጣ የመጣው ከእማማ ዣንዲራ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ በለሆሳስ ሲጸልይ፣ አሮጊቷ ከኩሽናው በር ወንበራቸው ላይ ሆነው አንዱን የድሮ የካርኒቫል ዘፈን ለቀቁት። ያውም ጨዋውን አይደለም፤ ስለ ቄሱና ስለ ጎረቤቲቱ የሚያወራውን። ድምፃቸው ደግሞ አላረጀም። ልጆቹ ትከሻቸው በሳቅ ይርገፈገፋል፤ ፓስተሩ አሜኑን አስቸኮለው። እሑድ ከሰዓት የሴት ልጆቹ ማደሪያ በሙሉ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ያንኑ ዘፈን በሦስት ድምፅ ሲዘፍነው ተሰማ።

ዳልቫ ኩሽናው ድረስ መጣች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

«ኢቮኔቺ፣ እናትሽን ያዥልን እንጂ!»

«በምን ልያዛቸው? በገመድ?»

«እኔ ከኅዳር ጀምሬ አንድ መዝሙር ማስጠናት አቅቶኝ፣ እሳቸው በአንድ ጠዋት!»

«ደህና መምህርት ናቸው ማለት ነው።»

«ቀልጂ አንቺ! ወላጆች ሲሰሙ ምን እንላለን? ከካርኒቫል አስሸሽተን ካርኒቫል አስተማርናቸው እንበል?»

እማማ ዣንዲራ ዳልቫን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «ይቺ ልጅ ወገቧ ደርቋል» አሉ በሐዘኔታ። «ማን ነው ያላስጨፈራት?»

ኢቮኔቺ ሳቋ አምልጧት ጀርባዋን አዞረች። ዳልቫም ትታቸው ሄደች። ሳቁ ሲያልቅ ግን ኢቮኔቺ ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ ቀረች። ሌሊቱን እናቷ አምስቴ ስድስቴ ተነሥተውባት ነበር፤ ኩሽናውን ከወንዙ ጋር እያምታቱ የምግብ ማብሰያውን ጨርቅ ሁሉ አጥበው ወለሉ ላይ አስጥተውታል። እሷም ያንን ስትሰበስብ ነው የነጋባት።

ሰኞ ሩዙ አረረ። ምድጃው አጠገብ ቆማ ነው እንቅልፍ የወሰዳት፤ ቆማ፣ ጭልፋ በእጇ። የባነነችው የማረሩ ሽታ ሲመታት ነው። የኢቮኔቺ ሩዝ አርሮ አያውቅም ነበር። ልጆቹ ጥቁሩን እየገፉ በሉና «አክስቴ፣ ይጣፍጣል» አሏት፤ እንዴት ያሉ የተባረኩ ውሸታሞች። ፓስተሩ ተነሥቶ «ወገኖች፣ የእህት ኢቮኔቺ ሩዝ ካረረማ የዘመኑ ፍጻሜ ደርሷል፣ እንዘጋጅ!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ ኩሽና ገብታ ያረረውን ድስት ስትፍቅ እንባዋ ድስቱ ውስጥ ይንጠባጠብ ነበር። አፈረች፤ ተናደደች፤ ከሁሉ በላይ ግን እዚያው ድስቱ ውስጥ ገብታ መተኛት አማራት።

የካምፑ የመጨረሻ ምሽት ማክሰኞ ነው፤ ከእራት በኋላ ወዲያው እሳት ይነዳል። ሁሉም ቀን የለቀመውን አንድ ደረቅ እንጨት ይይዝና በተራው ተነሥቶ፣ በልቡ ያለውን ተናግሮ እሳቱ ውስጥ ይጥለዋል። አንዱ ከአባቱ ጋር መኳረፉን ይጥላል፣ አንዷ ፍርሃቷን ትጥላለች፣ አንዱ ማለት የፈለገውን ሳይናገር እያለቀሰ ይቀመጣል። ደስ የሚል ልማድ ነው፤ ብዙ ሰው ከዚያ እሳት ዳር ሸክሙን ቀንሶ ነው የተነሣው። አብሳይዋ ሁልጊዜ መጨረሻ ናት፤ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ትመጣና «ጌታ መልካም ነው፣ እኔም ደህና ነኝ» ብላ እንጨቷን ጣል አድርጋ ወደ ድስቷ ትመለሳለች። እንደ ቡራኬ ስለተለመደ ልጆቹ እኩል አብረዋት ይሉታል።

ዘንድሮም ስትነሣ «ጌታ መልካም ነው» ብለው ጀመሩላት።

«ጌታ መልካም ነው» አለች ኢቮኔቺ። «እኔ ግን ደህና አይደለሁም።»

እሳቱ ይንጣጣል። እናቷ አጠገቧ ወንበራቸው ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው እጃቸውን ይሞቃሉ።

«ደክሞኛል» አለች። ከዚህ በላይ ብዙ አዘጋጅታ ነበር፤ ሰኞ ድስት ስትፍቅ ቃል በቃል ደርድራው ነበር። ሲደርስ ግን ያቺው አንዲት ቃል ብቻ ወጣች። «በጣም ደክሞኛል።»

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ያውቃል። ፓስተር ኤድሚልሶን ዘሎ ተነሣ። «ሃሌሉያ! ወገኖች፣ እህታችን ልቧን ከፍታለች፤ ኑ እጅ እንጫንባት!» ግማሹ ካምፕ ከበባት። አንዱ ራሷን፣ አንዱ ትከሻዋን፣ እጁ ያልደረሰ የሌላውን ጀርባ ያዘ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጀመረ። ጌታ ሆይ ጉልበት ስጣት! እንደ ንስር አድሳት! ክንዷን አበርታላት! በዚያ ሙቀት፣ በዚያ እሳት ዳር፣ ያ ሁሉ እጅ ተጭኗት ኢቮኔቺ ማልቀስ ጀመረች። የንዴት ልቅሶ ነበር። እነሱ ግን ስታለቅስ ሲያዩ መንፈስ ቅዱስ ሠራ ብለው ይብሱን አበረቱት። ባለቀሰች ቁጥር ጸሎቱ ይረዝማል፤ ጸሎቱ በረዘመ ቁጥር ታለቅሳለች። በመጨረሻ አሜን የተባለው ድምፃቸው ስለደከመ ነው።

«ክብር ለጌታ!» አለ ፓስተሩ ላቡን እየጠረገ። «ፊቷን እዩት፣ ታድሳለች!»

አንዷ እህት አቅፋ ሳመቻት። «ፊትሽ በራ እኮ! ውይ፣ በዚያው እንዳልረሳው፣ ነገ ቁርስ የበቆሎ ገንፎ ነው አይደል? ልጆቹ ጠይቂልን ብለውኝ ነው።»

ኢቮኔቺ እንጨቷ አሁንም በእጇ ነበር። ሴትዮዋን አየቻት፤ ከዚያ ሁሉንም አየቻቸው።

«ጉልበት አልፈልግም» አለች።

ፓስተሩ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። «ምን አሉ፣ እህቴ?»

«ጉልበት አልፈልግም አልኩ። ቢሰጠኝስ? እናንተ ናችሁ የምትጨርሱት። ከወጣትነቴ ጀምሮ ስትጸልዩልኝ እሱም ሲሰጠኝ፣ እናንተም ስትበሉት! እኔ ጉልበት አይደለም ያማረኝ። መተኛት ነው ያማረኝ።»

ፓስተር ኤድሚልሶን፣ ምን ያድርግ ወጣት ነው፣ የሚያውቀው አንድ መድኃኒት ነው፤ ደግሞ እጁን ዘረጋ። «ወገኖች፣ ጠላት እየተዋጋ ነው፣ እስቲ እንደገና...»

«ኤድሚልሶን፣ ተቀመጥ።»

ዳልቫ ነበረች። በጸሎቱ ጊዜ እጇ ኢቮኔቺ ጀርባ ላይ ነበር፤ ሲንቀጠቀጥ ተሰምቷታል፤ ዕድሜ ልኳን ድምፅ ስታዳምጥ የኖረች ሴት ደግሞ የንዴትን ልቅሶ ከደስታው መለየት አያቅታትም። ዘግይታም ቢሆን።

«እህት ዳልቫ፣ እኔ እንደ እረኛ...»

«በሰንበት ትምህርት ቤት አፍንጫህን የጠረግኩልህ እኔ ነኝ፤ ተቀመጥ። አሜን ተብሏል።» ከዚያ ወደ ኢቮኔቺ ዞረች፤ ፊቷ እንደ ሁልጊዜው ኮስተር እንዳለ ነው። «ምንድን ነው የምትፈልጊው? እንዲሁ በደፈናው አይሆንም፤ ንገሪን።»

እስከ ዛሬ ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ ስለዚህ ጥቂት ግራ ገባት።

«የነገውን ቁርስ ሌላ ሰው ይሥራው» አለች። «ድስቱንም ሌላ ሰው ይጠበው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ እናቴን አንዳንድ ሌሊት የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ካላገኘሁ...» ስለ መጦሪያው ተናገረች፤ ስለ አልጋው፣ ስለ ሐሙስ ቀትር፣ በአንሶላ ስለታሰሩት ሽማግሌ። እማማ ዣንዲራ የሚወራው ስለ ሌላ ሰው መስሏቸው «ምስኪን!» አሉ።

ብዙው ሰው ጫማውን ማየት ጀመረ። አልፈርድበትም፤ በጸሎት ድምፁ የነጎደ ሰው የሰው እናት ሌሊት ቤቱ ስትገባ ሲያስብ ዝም ይላል። የፓስተሩ ሚስት ኮሚቴ ቢቋቋም አለች። አንድ ዲያቆን ሳል ያዘው። ሚስቱ ግን ወደ እሱ ሳታይ «ቅዳሜ እኔ ልሞክር እችላለሁ» አለች። ዳልቫም «ነገ እኔ ጋ ያድራሉ» አለች፤ ድምፅዋ መርዶ የምታረዳ ነው የሚመስለው። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ኩሽናው ሄደች። ወጣቶቹ ተያዩና አንድ በአንድ ተከተሏት።

ኢቮኔቺ እንጨቷን እሳቱ ውስጥ ወረወረችው። 

የረቡዕ ቁርስ እንደ ቁርስ የሚቆጠር አልነበረም። ቡናው ስኳር የለውም፤ ገንፎው ጓል በጓል ነው። ኢቮኔቺ አልጋዋ ላይ ሆና የድስቱን ጩኸት፣ የልጆቹን ሳቅ፣ የዳልቫን ቁጣ እየሰማች ተጋድማለች። ጨው የት እንዳለ ሊጠይቋት ይመጣሉ ብላ ጠበቀች። አልመጡም፤ ፈልገው አገኙት። ይሄ ያስደስታታል ብላ ነበር፤ ጥቂት ግን ሆድ ባሳት። ሰው መቼም አይጠግብም።

ከሰዓት በኋላ ከተማ ሲገቡ ጎዳናው በካርኒቫሉ በተበተነ ወረቀት ተሸፍኖ ዝም ብሏል። ዳልቫ እማማ ዣንዲራን ከነሻንጣቸው መኪናዋ ውስጥ አስገባች። አሮጊቷ ዞር ብለው እንኳ ልጃቸውን አላዩም። ኢቮኔቺ ቤቷ ገባች፤ ሐሙስ ጠዋት ተነሥታ ለሲስተሯ አንድ መልስ መስጠት አለባት። አንድ ሌሊት የዳልቫ፣ አንድ ቅዳሜ የዲያቆኑ ሚስት፣ ያውም ምናልባት። ይሄ ሕይወት ይሆናል? እናቷን ያድናል? ሲነጋ እወስናለሁ አለችና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ወደቀች።

ስትነቃ ፀሐዩ በማታውቀው በኩል ገብቷል። ስልኳ ላይ ከመጦሪያው ሦስት ጥሪ አለ። ቀትር ካለፈ ቆይቷል። መልሳ ደወለች፤ ሲስተሯ አዘነች፣ አልጋው ለሌላ ሰው እንደተሰጠ ነገረቻት፣ ጌታ ጉልበት ይስጥሽ አለቻት። ኢቮኔቺ ስልኩን ይዛ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ደስ ይበላት ይክፋት አላወቀችም። የፈራችው ግን እርግጥ ነው። ያ በር ተዘጋ፤ የቀሯት እነዚያ የሌሊቱ ነገር ሲነሣ ጫማቸውን የሚያዩ ሰዎች ናቸው።

የውጭው በር ተንኳኳ። ዳልቫ ናት፤ እማማ ዣንዲራን ክንዳቸውን ይዛለች፣ ወይም እሳቸው ናቸው የያዟት። ዘወትር በሰልፍ እንደሚወጣ ሰው የምትለብሰው ዳልቫ ዛሬ ሸሚዟ አለቦታው ተቆልፏል። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ሳትጋበዝ ገብታ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

«አራት ጊዜ በሩን ከፈቱ» አለች። «ሌባ ናት ብለው ጎረቤቱን ሁሉ ቀሰቀሱብኝ። ባሌን እንዲጨፍር አዘዙት። በጫማ መቱኝ።»

«በየትኛው? ቤት በሚያደርጉት ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!»

«በሱ ከሆነ ወደውሻል ማለት ነው። ያልወደዱትን በሚወጡበት ነው።»

ዳልቫ አልሳቀችም። «ሌሊት ሌሊቱን እንዲህ ነው?» አለች።

«አንዳንዴ ይብሳል።»

«ስድስት ዓመት?»

«ስድስት ዓመት።»

ዳልቫ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «እኔ ደግሞ ጉልበት ይስጣት እላለሁ። ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ብርድ ልብሴን ለብሼ። እንዴት አሥቄዋለሁ ጌታን።»

ኢቮኔቺ አፏ ላይ «ምንም አይደል» የሚለው ቃል መጣ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትለው የኖረች ቃል ናት። ዋጠቻት። ቀላል ነገር አልነበረም፤ ዳልቫም ይክበዳት።

«አልጋው ቀረ» አለች በምትኩ። «መጦሪያው። ተኝቼ አለፈኝ።»

ዳልቫ ቀና ብላ አየቻት። ምን ማለት እንደሆነ ገባት። መሮጥ የፈለገች ይመስል ወደ በሩም ዞር ብላ ነበር።

«ሮብ ሮብ የኔ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሌላ ቀን እንዳትጠይቂኝ። አልችልም።»

«አልጠይቅሽም።»

ኢቮኔቺ እናቷን ልታጥብ ውኃ ልታሞቅ ገባች። ስትመለስ ዳልቫ ወንበሩ ላይ አንገቷ ዘንበል ብሎ፣ አፏ ተከፍቶ፣ እንቅልፍ ይዟት ሄዷል። እማማ ዣንዲራ አጠገቧ ቆመው የገላ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ እያለበሷት ነው። ኢቮኔቺ ሳፋውን ስታስቀምጥ ድምፅ ተሰማ። አሮጊቷ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው በቁጣ ዞሩ።

«ዝም በይ አንቺ ሴትዮ» አሉ በሹክሹክታ። «ልጄ ተኝታለች። በጣም ደክሟታል።»